ድፍረት (ፊልም)
ድፍረት እ.ኤ.አ. በ2014 ለእይታ የበቃ፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ጽፎ ያዘጋጀው የአማርኛ ፊልም ነው። አስፈሪ ፊልም ተብሎ ባይመደብም፣ የሚያስፈራው ነገር እውነተኛ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአርሲ የተፈጸመ ወንጀል ነው፦ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ የተደፈረች የ14 ዓመት ልጅ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው።

ልጅቷ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በመዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህን አሳፋሪ ድንጋጌ ያስቀረው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሲሆን፣ ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል።

በፊልሙ ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን፣ ትዝታ ሀገሬ ደግሞ ሂሩት የተባለችውን ልጅ ሆነው ተውነዋል። አንጀሊና ጆሊ በዋና ፕሮዲዩሰርነት ተሳትፋለች። ሥራው በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። በአዲስ አበባ ምርቃቱ ግን ሊጀመር ሲል በባለታሪኳ አቤቱታ በተሰጠ የፍርድ ቤት እግድ ተቋረጠ፤ እግዱ በኋላ ተነሥቷል። የሰው ሰቆቃ ፊልም ሲሆን የባለታሪኳ መብት አብሮ ሊጠበቅ ይገባል።