አሠሪ ለሠራተኛው የሚሰጠው ማስታወቂያና ማስጠንቀቂያ

በአንድ ድርጅት ውስጥ ኃላፊዎችና ሠራተኞች በየዕለቱ የሚለዋወጡት አብዛኛው መልእክት በቃል ተነግሮ በቃል የሚያልቅ ነው። የሕግ ውጤት ያለው መልእክት ግን ከዚህ ይለያል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከእነዚህ መልእክቶች አንዳንዶቹ በጽሑፍ እንዲሰጡ፣ ሌሎቹም ምክክር እንዲቀድማቸው ያስገድዳል።

ግዴታው ከቅጥር ይጀምራል። የሥራ ውል በቃል ሊመሠረት ይችላል፤ ይሁን እንጂ ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ተከታታይ ቀናት ውስጥ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና አከፋፈል፣ ውሉ የሚቆይበትንም ጊዜ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ ስምምነትም በጽሑፍ መሆን ይገባዋል። ደመወዝን በተመለከተ አሠሪው ክፍያውንና ተቀናሹን የሚያሳይ መዝገብ ይይዛል፤ ሠራተኛው ሲጠይቅም መዝገቡን ያሳየዋል፣ ያስረዳዋልም። ሠራተኛው ሳይቃወም ፈርሞ መቀበሉ ቀሪ ክፍያውን እንደተወ አያስቆጥረውም።

ብዙ ክርክር የሚነሣው በስንብት ጊዜ ነው። የስንብት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን ማመልከት፣ ለሠራተኛውም በእጁ መሰጠት አለበት። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያው ጊዜ 1 ወር ነው፤ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር ይሆናል። ደብዳቤውን አልቀበልም ማለት ስንብቱን ያስቀራል ብለው የሚያምኑ ሠራተኞች አሉ፤ አያስቀርም። ሠራተኛው ያልተገኘ ወይም ያልተቀበለ እንደሆነ ማስጠንቀቂያው በሥራ ቦታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል። በአንጻሩ የክፍል ኃላፊ በስልክ «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ማለቱ በሕጉ የተመለከተውን ማስጠንቀቂያ አይተካም።

የሠራተኛ ቅነሳ የግለሰብ ጉዳይ አይደለም። አሠሪው ማን እንደሚቀነስ የሚወስነው ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ተመካክሮ ነው። በዝርዝሩ ላይ ከተወሰነ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ምክክር ሊባል አይችልም።

አዋጁ በሥራው ላይ ስላለው አደጋና ስለ መከላከያው ሠራተኛው በሚገባ እንዲያውቅ ማድረግንም የአሠሪ ግዴታ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ቋንቋ ወሳኝ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኮች በሚገኙ የአልባሳት ፋብሪካዎች የምርት ኃላፊው የውጭ አገር ዜጋ፣ የመስመር ተቆጣጣሪዋ አማርኛ ተናጋሪ፣ ስፌት ላይ ያለችው ሠራተኛ ደግሞ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ብቻ የምትናገር ልትሆን ትችላለች። ለእርሷ በማታነበው ቋንቋ የተለጠፈ የጥንቃቄ መመሪያ ከባዶ ሰሌዳ አይሻልም፤ ተቆጣጣሪዋ በቃል ልታስረዳት ይገባል።

ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ቀን ልብ ሊለው ይገባል። ስንብቱ ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚያቀርብ ሠራተኛ ይህን ማድረግ ያለበት ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው።