የ31 ሜትር ገመድ

ስለ ታላላቅ ገመዶች የተጻፈው ታሪክ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ የተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ አገልግሎ ዝም ማለቱን፣ 98 ቃላት ያሉት የንግሥት ቪክቶሪያ መልእክት በዚያው ገመድ ባሕሩን ለመሻገር 16 ሰዓት መፍጀቱን መጻሕፍት ይነግሩናል። በእኛም አገር በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር በታሪክ ውስጥ ቦታውን ይዟል። እኔ ዛሬ የማወጋው ግን ማንም ስላልጻፈለት አንድ ገመድ ነው። ርዝመቱ 31 ሜትር ነበር። ከሳሎናችን ተነሥቶ፣ በታዛው ሥር አልፎ፣ ጓሮ ካለው ሰርቪስ ቤት አያቴ ክፍል ይገባ ነበር።

ዘመኑ 1997 ዓ.ም. ነው። ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት፣ ለሁለተኛ ቴሌቪዥን የሚያስፈልገው ነገር ሁለተኛ አንቴና ብቻ ነበር። ማዕበሉ በአየር ላይ ለሁሉም እኩል ይደርሳልና ሳሎንና ጓሮ አይለያዩም። ዲሽ በየጣሪያው ሲተከል ግን ነገሩ ተለወጠ። ቴሌቪዥኑ የሳተላይቱን ቋንቋ በራሱ አያውቅም፤ ሪሲቨር የሚባል አስተርጓሚ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ የነበረን አስተርጓሚ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሳሎን ተቀምጧል። ወገቧን ታማ ከሰርቪስ ቤቱ ብዙም የማትወጣው አያቴ የድሮው ቴሌቪዥን ደርሷት ነበር፤ አስተርጓሚ ግን አልደረሳትም።

ነገሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ አርተር ሲ. ክላርክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1945 «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለ መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚዞር ጣቢያ ከምድር ጋር እኩል ስለሚሽከረከር በሰማይ ላይ እንደተሰቀለ እንደሚታይ አስረዳ። ዲሻችን አቅንቶ ያይ የነበረው ናይልሳት የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው ናይልሳት የመጠቀው በሚያዝያ 1990 ዓ.ም. ነበር። ሥዕሉ ያን ሁሉ 36,000 ኪሎ ሜትር ያለ አንዳች ገመድ ተጉዞ ጣሪያችን ላይ በደኅና ያርፋል። የሚጠፋው በእኛ ግቢ ውስጥ፣ በመጨረሻዋ 31 ሜትር ላይ ነው።

እንዴት እንደሚጠፋ በገዛ እጄ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ገመዴ ከምን አለሽ ተራ በርካሽ የገዛሁት ቀጭን የድምፅ ገመድ ነበር፤ አንድ ወጥ ስላልሆነ በየቦታው ቀጣጥዬዋለሁ። ከሪሲቨሩ ቢጫ ቀዳዳ ላይ ለሁለት ከፈልኩና አንዱን ለሳሎኑ፣ ሌላውን ለአያቴ ቴሌቪዥን ሰጠሁ። አያቴ ክፍል ውስጥ ሰዎች ታዩ፤ ነገር ግን ፊታቸው ገርጥቷል፣ ጠርዛቸው ደብዝዟል፣ ከእያንዳንዱ ሰው ጎን ጥላ የመሰለ ሌላ ሰው ቆሟል። ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በእኛ አገር በነበረው የፓል ሥርዓት የቀለሙ ምልክት የሚጓዘው በሴኮንድ 4.43 ሚሊዮን ጊዜ በሚርገበገብ ማዕበል ላይ ነው። ረጅምና ደካማ ገመድ ደግሞ አስቀድሞ የሚበላው ፈጣኑን ርግብግብታ ነው። ስለዚህ በገመድ ጉዞ ላይ ከሰውየው በፊት ቀለሙ ይሞታል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ባለ ቀለም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር፤ እኔ በ31 ሜትር ገመድ አያቴን ከዚያ ወደ ቀደመው ዘመን ልመልሳት ምንም አልቀረኝም።

ከዚህ የባሰው ግን የሳሎኑ ነበር። አባቴ «ምን ነካው ይኼ? ጨለመብኝ እኮ!» ብሎ ተጣራ። እውነቱን ነበር። የሪሲቨሩ ቀዳዳ ለአንድ ቴሌቪዥን እንጂ ለሁለት አልተመጠነም፤ ሁለት ሲጎትቱት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጉልበት ከቀድሞው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ለአያቴ የሰጠኋት ብርሃን ከአባቴ የተወሰደ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘነው ዲሹን ከተከለው ባለሙያ ነው። ከሪሲቨሩ ጀርባ ሥዕሉንና ድምፁን አንድ ላይ አድርጎ እንደ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሚልክ ሌላ ቀዳዳ ነበረ። ከዚያ ቀዳዳ አንድ ወጥ የሆነ ጥቁር የአንቴና ገመድ ዘረጋን። መሐሉ ላይ አንድ የመዳብ ሽቦ አለ፤ ዙሪያውን ነጭ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ ደግሞ የብረት መረብ ይሸፍነዋል፤ የውጭ ሁካታ እንዳይገባበት የውስጡም እንዳይባክን። እንዲህ ዓይነቱን ገመድ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1880 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው። ትምህርቱን በ16 ዓመቱ ያቆመ፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረ፣ ጆሮውም በሚገባ የማይሰማ ሰው ነበር። ድምፅ ሳይባክን የሚያደርስ ገመድ ያሰበልን ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተቸገረ ሰው መሆኑን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀምጫለሁ።

በዚያ ምሽት የአያቴን ቴሌቪዥን ከፍተን ጣቢያ ስንፈልግ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ወጣ። እንግዲህ ሳሎናችን ለአያቴ ጣቢያ ሆነላት። ሪሞቱ ግን ሳሎን ነበር፤ እኛ ያየነውን ታያለች፣ የለወጥነውን ትለውጣለች። አባቴ የማይገባትን የዓረብኛ ዜና ሲከፍት ዜና አየች፤ ታናሽ ወንድሜ ኳስ ሲከፍት ኳስ አየች። አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም። እኔ ግን አዝንላት ነበር፤ የሌላ ሰው ምርጫ እስረኛ መስላ ትታየኝ ነበር።

ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር ነጻ ላወጣት ወሰንኩ። ከደመወዜ ሁለተኛ ሪሲቨር ገዛሁላት፤ ከዲሹም ሌላ መስመር አስወረድኩ። የቱርኮቹን ድራማ በገዛ ቋንቋዋ፣ በገዛ ሪሞቷ እንድታይ ነው። ጥቁሩን ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ነቅዬ እዚያው ታዛው ሥር ተውኩት። አያቴ መረቀችኝ። እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኝ ጀመር። «ትናንት በስንት ሰዓት ተኛችሁ?» እያለች። እርጅና ነው ብዬ ሳቅሁ። በሳምንቱ ግን፣

«ለምንድን ነው በየቀኑ የምትጠይቂኝ፣ እማማ?» አልኳት።

«ድሮ በምን አውቅ ነበር?» አለችኝ። «ሥዕሉ ቶሎ ቶሎ ሲቀያየር ታናሽህ ገባ ማለት ነው። ዜናው ሲመጣ አባትህ ራቱን በላ። ሥዕሉ ድርግም ሲል ሁላችሁም ተኛችሁ። እኔም ያኔ ጸሎቴን አድርሼ እተኛለሁ። አሁን ማን ገባ፣ ማን አልገባ፣ ምኑን አውቃለሁ ልጄ?»

11 ዓመት ሙሉ አያቴ ስታይ የኖረችው ፊልም አልነበረም፤ እኛን ነበር። ገመዱ ወደ እርሷ ብቻ የሚሄድ፣ ከእርሷ የማይመለስ ነበርና እኛ ይህን አላወቅንም። ገመዱን መልሼ መሰካት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ሪሲቨሩን በስንት ብር ገዝቼ፣ ባለሙያ ጠርቼ፣ ደግሞ ወደ ድሮው ልመልስ? ይህን አስቤ ተውኩት። «ማታ ማታ መጥቼ እነግርሻለሁ» አልኳት። ለጥቂት ቀናት ነገርኳት፤ ከዚያ አመሸሁ፣ ረሳሁ፣ ደከመኝ። አያቴ በ2011 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ ዐረፈች። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ጠዋት ጠዋት ያንኑ ትጠይቅ ነበር።

አምና የግቢያችን ጣሪያ ሲቀየር ሠራተኞቹ ገመዱን ከታዛው ሥር አውርደው ጠቀለሉት። ላስቲኩ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፤ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ቢላ ሲነካው አብረቀረቀ። ከሠራተኞቹ አንዱ «ጋሼ፣ ይኼ ለቆራሌው ይሰጥ?» ብሎ ጠየቀኝ። አይሰጥ አልኩት። ምን ሊሠራልኝ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ግን የምመልስለት አጣሁ። ጥቅሉ አሁንም ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ፣ አልጋዋ በነበረበት በኩል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።