መቼ ይቁም? ስህተት አራሚ ኮዶች ኃይልና ጊዜ መቆጠብን የተማሩበት ጉዞ

የስህተት አራሚ ኮዶች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ክላውድ ሻነን በ1948 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወዳሰመረው ወሰን እንደተደረገ ሩጫ ነው። ሻነን ጫጫታ ባለበት መስመር ላይ ምን ያህል መረጃ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊያልፍ እንደሚችል በሂሳብ አሳየ፤ ተከታዮቹም ወደዚያ ወሰን ለመጠጋት ከአርባ ዓመት በላይ ደከሙ። ትረካው ልክ ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ወደ ወሰኑ የሚያስጠጋው ስሌት ባትሪ ይጨርሳል፣ ጊዜም ይበላል። ኮድ ፈቺው መልፋት ያለበት መቼ ነው? መቼስ ይቁም? ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ያስቻለው፣ በእኔ እምነት፣ ለሩጫው ከተሰጠው መልስ ባላነሰ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተሰጠው መልስ ነው።

ጅማሬው ንዴት ነበር። የቤል ቤተ ሙከራው ሪቻርድ ሃሚንግ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሥራውን ቅዳሜና እሁድ ለሪሌይ ኮምፒውተር ይተውለት ነበር። ማሽኑ ስህተት ሲገጥመው ሥራውን ጥሎ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ ሃሚንግ ሰኞ ሲመለስ ውጤት የለም። በ1950 ያሳተመው ኮድ ለአራት የመረጃ ቢቶች ሦስት መቆጣጠሪያ ቢቶችን ይጨምራል። ተቀባዩ ሦስት ፍተሻዎችን ያደርጋል። ውጤቱ 101 ከሆነ፣ ይህ በሁለትዮሽ አጻጻፍ 5 ነውና፣ አምስተኛው ቢት ይገለበጣል። 000 ከሆነ የሚነካ ነገር የለም። ያ ባለ ሦስት ዜሮ ውጤት ኮድ ፈቺን «በቃህ» የሚል የመጀመሪያው ርካሽ ምልክት ነበር።

ሥራውን በደረጃ የመከፋፈሉ ሐሳብ የመጣው ከዴቭ ፎርኒ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በኤምአይቲ በሠራው የዶክትሬት ጥናት ሁለት ኮዶችን አነባበረ፤ የውስጡ የበዛውን ስህተት ያነሳል፣ የውጪው የተረፈውን ያጸዳል። እህል መጀመሪያ ተነፍቶ ቀሪው ጠጠር በእጅ እንደሚለቀም ማለት ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች ብዙም ሳይቆዩ ተገናኙ። ለውጪው በ1960 የወጣው የሪድና የሰለሞን ኮድ ነበር፤ ለውስጡ በ1967 አንድሩ ቪተርቢ ያቀረበው ስልት። የቪተርቢ ስልት ግን ዋጋው ከባድ ነው። ኮዱ በአንድ ጊዜ ሰባት ቢቶችን የሚያይ ከሆነ ፈቺው 64 ሁኔታዎችን ይከታተላል፤ አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር ድካሙ እጥፍ ይሆናል። ቮየጀር 2 የተባለው መንኮራኩር በ1986 ከዩራነስ፣ በ1989 ከኔፕቱን የላካቸው ምስሎች በዚህ ጥምረት ተፈትተዋል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚመስጠኝ የጋሊሊዮ ታሪክ ነው። ወደ ጁፒተር ይጓዝ የነበረው ይህ መንኮራኩር በሚያዝያ 1991 ትልቁን ጃንጥላ መሳይ አንቴናውን እንዲዘረጋ ቢታዘዝም አንቴናው በደንብ ሳይከፈት ቀረ። በሰከንድ 134 ኪሎቢት ሊልክ የታሰበው መንኮራኩር በትንሹ አንቴና ብቻ መናገር ግድ ሆነበት። የጄት ፕሮፐልሽን ቤተ ሙከራ መሐንዲሶች ከምድር አዲስ ሶፍትዌር ላኩለት፤ ምስል የሚያጨምቅ፣ ኮዱንም የሚያጠነክር። እዚህ ላይ ያለው ብልሃት በቅርበት መታየት አለበት። ስምንት የሪድ ሰለሞን ቃላት፣ እያንዳንዳቸው 255 ምልክት ያላቸው፣ እርስ በርስ ተሰባጥረው ይላካሉ። አንዱ 94 መቆጣጠሪያ ምልክቶች አሉት፣ ሌላው 60፣ ሁለቱ 30፣ አራቱ 10 ብቻ። ድምሩ 254 ነው፤ ለስምንቱም ቮየጀር እንደተጠቀመበት 32 32 ቢታደል 256 ይሆን ነበር። የተጨመረ ነገር የለም፤ የተለወጠው ክፍፍሉ ነው።

ምድር ላይ የቪተርቢ ፈቺ አንድ ጊዜ ያልፍና ጠንካራው ባለ 94 ቃል ይፈታል። ከዚያ በኋላ የእሱ ምልክቶች የታወቁ ናቸው። በሁለተኛው ዙር ፈቺው እነዚህን እንደ ችካል ይዞ በመካከላቸው ያለውን ብቻ እንደገና ይፈትሻል፤ ባለ 60ው ይፈታል። ቀጥሎ ባለ 30ዎቹ፣ በመጨረሻ ባለ 10ሮቹ። በእያንዳንዱ ዙር የሚቀረው ጥርጣሬ እየጠበበ ይሄዳል። ከምስል ማጨመቁና ምድር ላይ አንቴናዎችን ከማቀናጀቱ ጋር ተደምሮ፣ በሰከንድ ቢበዛ 160 ቢት ብቻ በሚያልፍበት መስመር የጁፒተርና የጨረቃዎቹ ሥዕል ሊደርሰን ቻለ።

በ1993 ክሎድ ቤሩ፣ አለን ግላቪዬና ፑንያ ቲቲማጅሺማ ጄኔቫ ላይ ቱርቦ ኮድን ይፋ አደረጉ። ሁለት ፈቺዎች ግምታቸውን እየተለዋወጡ በ18 ዙር ከሻነን ወሰን ወደ 0.7 ዴሲቤል ተጠጉ። ሩጫው ያለቀ መሰለ፤ ግን 18 ዙር ለስልክ ባትሪ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መስመሩ ጥሩ ሲሆን አብዛኛው መልእክት በጥቂት ዙር ይጠራል፤ የተቀረው ዙር ብክነት ነው። ስለዚህ የ4ጂ ስልክ ከዙር በኋላ ሲአርሲ የተባለውን አጭር ፍተሻ አይቶ ልክ ከሆነ ሊያቆም ይችላል። በ5ጂ ለመረጃው የተመረጠው ኤልዲፒሲ ደግሞ የማቆሚያ ምልክቱን በራሱ ውስጥ ይዟል፤ ፍተሻዎቹ ሁሉ ዜሮ ሲሆኑ ያቆማል። ይህን ኮድ ሮበርት ጋላገር በ1960 ነበር የሠራው፤ የዘመኑ ማሽኖች አቅም ስላልነበራቸው እስከ 1990ዎቹ ተረስቶ ቆየ። የሳተላይት ቴሌቪዥን ሪሲቨር ላይ ኤፍኢሲ 2/3 የሚል ጽሑፍ ያየ ሰውም ከስህተት አራሚ ኮዶች ቤተሰብ ጋር ተገናኝቷል፤ ከሦስት ቢት ሁለቱ መረጃ ናቸው ማለት ነው። ዲቪቢ ኤስ2 በተባለው የሳተላይት ስርጭት ኤልዲፒሲ ከውስጥ፣ ቢሲኤች የተባለው ሌላ ኮድ ከውጪ ይሠራሉ።

በኤስኤስዲ ማከማቻ ውስጥ ደረጃው ይበልጥ ግልጽ ነው። መጀመሪያ አንድ ንባብና ቀላል ፈቺ፤ ካልተሳካ ጠንከር ያለው ፈቺ፤ እሱም ካቃተው የንባብ ቮልቴጁ እየተቀያየረ ዳግም ይነበባል። ጊዜ የሚፈጀው ይህ ዳግም ንባብ ነው፤ ዲስኩ ሲያረጅም ይደጋገማል።

አሁን ጥያቄው ወደ ኳንተም ኮምፒውተር ተሻግሯል። የጉግል ተመራማሪዎች በ2024 ባቀረቡት ዊሎው በተባለ ቺፕ ላይ የስህተት ፍተሻ በየ1.1 ማይክሮ ሰከንድ ይካሄዳል፤ የፈቺው መዘግየት በአማካይ 63 ማይክሮ ሰከንድ ነበር። ፈቺው ከፍተሻው ፍጥነት ጋር እኩል ካልተራመደ ያልተፈታው መረጃ እየተከመረ ስሌቱን ያንቃል። ቀላል ስህተቶችን ወዲያው ለቅሞ ከባዶቹን ብቻ ወደ ዋናው ፈቺ የሚያሳልፍ ትንሽ ቅድመ ፈቺ፣ ምናልባትም ሙቀት መልቀቅ እጅግ በተገደበበት የቺፑ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ለማስቀመጥ ብዙ ቡድኖች እየሠሩ ነው።