በሐዋሳና አካባቢዋ ለልዩ ልዩ አቅም የሚስማሙ የተራራ ጉዞ መስመሮች

ሐዋሳ፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሐዋሳ ከተማ፣ ከሐይቅ ዳርቻ ተነስተው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ እስካላቸው ተራሮች ለሚዘልቁ የእግር ጉዞ መስመሮች አመቺ መነሻ ናት። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነችው ሐዋሳ ለስብሰባና ለሥልጠና በርካታ የመንግሥት ሠራተኞችን የምታስተናግድ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቶችም በእረፍት ቀን የቡድን ጉዞ ማዘጋጀታቸው የተለመደ ነው።

መስመሮቹ በርቀት፣ በአቀበትና በከፍታ እጅግ የሚለያዩ በመሆናቸው የተጓዦችን አቅም ያላገናዘበ ምርጫ ለጉዳት ሊዳርግ ይችላል።

መስመርን በደረጃ የመለየት ልምድ

በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራዎች መስመሮች እንደ ቁልቁለታቸው መጠን በቀለም ይለያሉ። በብዙዎቹ አገሮች ሰማያዊ ለጀማሪ፣ ቀይ መካከለኛ ችሎታ ላለው፣ ጥቁር ደግሞ ለሠለጠነ ሰው የተመደበ ነው። በአጠቃላይ አሠራሩ ሰማያዊ መስመር ቁልቁለቱ ከ25 በመቶ፣ ቀዩ ደግሞ ከ40 በመቶ እንዳይበልጥ ይደረጋል። ፈረንሳይ ከሰማያዊው በታች አረንጓዴ ደረጃ ጨምራለች። የአሠራሩ ዋና ጥቅም ተጓዡ ወደ መስመሩ ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚጠብቀው ማሳወቁ ነው።

በኢትዮጵያ በሰሜንና በባሌ ተራሮች አልፎ አልፎ የሚጥለው በረዶ ፈጥኖ የሚቀልጥ በመሆኑ ለዚህ ስፖርት አያገለግልም። ሆኖም አትሌት ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በጣሊያን ቶሪኖ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ ቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታዎች በበረዶ ላይ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊም እርሱ ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው አከፋፈል በመንግሥት አካል የወጣ ደረጃ ሳይሆን፣ የመስመሮቹን ከፍታና አስቸጋሪነት በማነጻጸር ለመረጃነት የተዘጋጀ ነው።

አንደኛ ደረጃ፤ ለጀማሪዎች

በዚህ ደረጃ የሚመደበው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ሐይቁ፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ቢገባበትም በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያለው ዳርቻ ሜዳማ በመሆኑ ለአረጋውያንና ለሕፃናት ጭምር ይስማማል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የፍቼ ጫምባላላ በዓል የሚከበርበት ጉዱማሌም የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። በሐይቁ ጉማሬዎች ስለሚኖሩ ከምሽት በኋላ ከውኃው መራቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ደረጃ፤ መካከለኛ አቅም ላላቸው

ከሐይቁ አጠገብ የሚገኘው የታቦር ተራራ አጭር ነገር ግን አቀበት የበዛበት ነው። ከአናቱ ላይ ሆኖ በአንድ በኩል ሐይቁን፣ በሌላው ከተማዋን መመልከት ይቻላል። በከተማዋ ደቡባዊ አቅጣጫ የሚገኘው የአላሙራ ተራራ ከታቦር ከፍ ያለና ረዘም ያለ ጉዞ የሚጠይቅ ነው። በክረምት ወራት መንገዶቹ ስለሚያንሸራትቱ የሚቆነጥጥ ጫማ ማድረግና ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት መውረድ ይመከራል።

በፍል ውኃው የሚታወቀው ወንዶ ገነትም ከዚሁ ደረጃ ይመደባል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ የሚገኝበት ይህ ስፍራ በደን በተሸፈኑ ሸንተረሮች የተከበበ በመሆኑ፣ አካባቢውን በሚያውቅ ሰው መሪነት መጓዝ ይገባል።

ሦስተኛ ደረጃ፤ ልምድ ላላቸው

ከሐዋሳ በሻሸመኔ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ወደ አዳባ ዶዶላና ወደ ባሌ ተራሮች ያደርሳል። በአዳባ ዶዶላ ደን በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የእግርና የፈረስ ጉዞ መስመሮች የተዘረጉ ሲሆን፣ ዋሆሮ፣ አንጋፉና አዴሌን በመሳሰሉ ስፍራዎችም የማደሪያ ቤቶች ተሠርተው ነበር። መስመሮቹ በአብዛኛው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ናቸው።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን መኖሪያ ነው። በፓርኩ የሚገኘው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4 ሺህ 377 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ ከሐዋሳ ጋር ሲነጻጸር ከ2 ሺህ 600 ሜትር በላይ ይበልጣል። የአየር ሙቀት በየ1 ሺህ ሜትሩ በአማካይ 6 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ስፍራዎች መካከል የ17 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ 4 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የሳነቴ አምባ ያቋርጣል። በዚህም ምክንያት ከሐዋሳ የተነሳ ሰው በመኪና በአንድ ቀን ከፍተኛው ስፍራ ላይ ሊደርስ ይችላል። መኪና ግን የእግርን ድካም እንጂ የአየሩን መሳሳት አያስቀርም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር የከፍታ ሕመም ምልክቶች ሲሆኑ፣ ምልክቶቹ እየባሱ ከሄዱ ፍቱን መፍትሔው ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ መውረድ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሚደረግ ጉዞ የማደሪያው ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር የሕክምና መመሪያዎች ይመክራሉ።

የአዘጋጆች ኃላፊነት

የቡድን ጉዞ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች መስመሩን መምረጥ ያለባቸው በጠንካራው ተጓዥ ሳይሆን በደካማው አቅም ልክ ነው። የልብ፣ የሳንባና የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ሠራተኞች አስቀድመው ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል። ሠራተኛው በአለቃው ወይም በባልደረቦቹ ፊት አልችልም ለማለት ሊያፍር ስለሚችል፣ በየጉዞው ቀለል ያለ አማራጭ መስመር ማዘጋጀትና ምርጫውን ለሠራተኛው መተው ያስፈልጋል።

በተጨማሪም የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ የተጓዦች ስም ዝርዝርና የመስመሩ ስም በከተማ ለሚቆይ ኃላፊ በጽሑፍ መሰጠት ይገባዋል።