የኩምሳ ሞሮዳ ወረቀት ተረፈ፤ የእኛስ ሃርድ ዲስክ?

ነቀምቴ ያለው የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ሲነሳ ሰው የሚያወራው ስለ ሕንፃው ነው። ለታሪክ ሰው ግን ከሕንፃው የሚበልጥ ሀብት ነበር፤ ወረቀቱ። ሞሮዳ በከሬ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ለራስ ጎበና ካደሩ በኋላ፣ እሳቸውም ሆኑ በእግራቸው የተተኩት ልጃቸው ኩምሳ (በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር) ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ጋር በደብዳቤ ይገናኙ ነበር። የወርቅ ግብር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሹመት፣ የድንበር ክርክር፣ ሁሉም በአማርኛ ተጽፎ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና የታሪክ ምሁሩ ተሰማ ታአ ሰነዶቹን አዘጋጅተው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ2004 እ.ኤ.አ. አሳተማቸው። ዛሬ ስለ ወለጋ የሚጽፍ ሰው ያንን መጽሐፍ ሳይገልጥ አያልፍም።

በመሐል ምን እንዳለፈ አስቡ። ሰኔ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ አረፉ፤ ጥቁር አንበሶች በሌሊት ገብተው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፣ መኮንኖቹንም ገደሉ። ከዚያ አምስት ዓመት ወረራ፣ ከዚያ የ1966ቱ አብዮት፣ ከዚያ የ1983ቱ የሥርዓት ለውጥ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ወረቀት ተረፈ። ወረቀት ትዕግሥተኛ ነው። አቧራ ይለብሳል፣ ጠርዙን አይጥ ይቀምሰዋል፣ መሐሉ ግን ይነበባል። ለማንበብም ዓይንና ፊደል መቁጠር ይበቃል።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ከ1990ዎቹ ወዲህ የነቀምቴ፣ የጊምቢ፣ የደምቢ ዶሎና የሻምቡ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤያቸውን የጻፉት በኮምፒውተር ነው። የቤተሰብ ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የተማሪ ውጤት፣ የማኅበራት ቃለ ጉባኤ እዚያው ገባ። ታትሞ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በመዝገብ ቤት ይኖር ይሆናል፤ ረቂቁ፣ ዝርዝሩና ሠንጠረዡ ግን ያለው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት በወለጋ ዞኖች በነበረው ግጭት ደግሞ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተጎድተዋል፣ ሰው በገፍ ተፈናቅሏል። የተፈናቀለ ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ መሬቱ የእሱ እንደነበር፣ ልጁ ስምንተኛ ክፍል እንደነበረ የሚያስረዳለት ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው አንድ ጥግ በተጣለ፣ ቢከፍቱት በማይነሳ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

«ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጡት ነበር» የሚል አይጠፋም። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ምክር ይቀላል። በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ፣ ሦስት ወር ገደማ፣ ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ዓለም ስለ ኮሮና የሰማበት ወቅት ነው። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ለሚሠራ ጸሐፊ ወይም ፎቶ ቤት፣ ያለው ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ያ ጠረጴዛ ላይ ያለው ዕቃ እንዴት እንደሚሞት ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ በ1956 እ.ኤ.አ. ከአይቢኤም የወጣው ነው፤ ሃምሳ ትልልቅ ሳህኖች ተደርድረውበት፣ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ሆኖ፣ የሚይዘው አምስት ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በኪስ የምንይዘው ዓይነትም በመሠረቱ ያው ነው፤ የሚሽከረከር ሳህን፣ በላዩም የሚያነብ ጭንቅላት። ጭንቅላቱ ሳህኑን አይነካም፤ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለዚያ ክፍተት ተራራ ናት። መብራት ድንገት ሲሄድና ሲመጣ፣ ዕቃው ሲወድቅ፣ ወይም ሲያረጅ ጭንቅላቱ ሳህኑን ይነካል። ያኔ ነው «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ የሚሰማው።

ያ ድምፅ ከተሰማ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፤ ማጥፋት። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። አስር ጊዜ ያስነሳዋል፣ ይመታዋል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያስገባዋል፣ አለፍ ሲልም ክዳኑን በብሎን መፍቻ ይከፍተዋል። በተነሳ ቁጥር የተጎዳው ጭንቅላት ሳህኑን ይፍቃል፤ የሚፋቀውም የሰው ታሪክ ነው። ክዳን የሚከፈተው አቧራ በተጣራበት ክፍል፣ ተመሳሳይ መለዋወጫ ጭንቅላት ባለው ባለሙያ እጅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ውድ ነው፤ ለሁሉም ፋይል አይገባም። ለአንድ ወረዳ የመሬት መዝገብ ግን ይገባል ባይ ነኝ።

ደግነቱ «አልነበብ አለ» ከሚባለው ሁሉ ይህ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። አንዳንዴ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ማውጫው ብቻ ይበላሻል። ዊንዶውስ «ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰውየውም «እሺ» ይላል። እሺ ማለት አልነበረበትም። እንደዚያም ሆኖ ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው በአብዛኛው ማውጫውን ነው፤ መጽሐፉ እንዳለ ሆኖ ገጽ ማመልከቻው እንደመቀደድ ነው። የተሰረዘ ፋይልም በሃርድ ዲስክ ላይ ወዲያው አይጠፋም፤ ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ። ለዚህ ነው በዚያው ዲስክ ላይ አዲስ ፊልም መገልበጥ፣ ወይም የማዳኛ ፕሮግራሙን ራሱን እዚያው ላይ መጫን ጥፋት የሚሆነው። አዲሶቹ ኤስኤስዲ የሚባሉት ግን ሌላ ጸባይ አላቸው፤ የተሰረዘውን ቦታ ራሳቸው ቶሎ ስለሚያጸዱ ዕድሉ ይጠባል።

በእኛ አገር ደግሞ ከሁሉ የሚበዛው «ጥፋት» ጥፋት እንኳን አይደለም። ከማተሚያ ቤት ወይም ከኢንተርኔት ቤት የተመለሰ ፍላሽ ሲከፈት ፋይሎቹ ጠፍተው በምትካቸው አቋራጭ ምልክት ብቻ ይታያል። ቫይረሱ ፎልደሮቹን ደብቋቸው ነው። ስንቱ ተመራቂ ተማሪ በዚህ ምክንያት ፍላሹን ፎርማት አድርጎ ጽሑፉን እንደ አዲስ እንደጻፈ ቤት ይቁጠረው።

ባለሙያ ሲሠራ አሠራሩ ቀላልና ትዕግሥት የሚፈልግ ነው። መጀመሪያ የታመመውን ዲስክ ሙሉ ቅጂ ያነሳል፤ ከዚያ የሚሠራው በቅጂው ላይ ብቻ ነው። ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለምሳሌ ጤነኛውን ክፍል በፍጥነት ያነባል፤ የተጎዳውን ዘሎ ያልፍና በመጨረሻ እየደጋገመ ይመለስበታል። ፎቶሬክ የሚባለው ደግሞ ማውጫው ቢጠፋም እያንዳንዱን ፋይል በመልኩ ለይቶ ያወጣል፤ ችግሩ የፋይሉ ስም አብሮ አይመጣም። አምስት ሺህ ስም የለሽ ፎቶ ይሰጥሃል፤ ማን ማን እንደሆነ የምትነግረው አንተ ነህ። የታሪክ ሰዎች ይህን ሕመም ያውቁታል፤ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ሲያጋጥማቸው በወረቀቱ፣ በእጅ ጽሑፉና በተጠቀሱት ሰዎች ዘመኑን ይፈልጋሉ። ትሪዩልዚና ተሰማ የደከሙበት ሥራና ይህ ሥራ ዘመዳሞች ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው እንቅፋት የእኛ ብቻ ነው፤ ፈረንጅ ባለሙያም አያውቀው። ፋይሉ ዳነ እንበል። ይከፈታል። በውስጡ ያለው ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ነገር ነው። ፋይሉ አልተበላሸም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግእዝ፣ ቪዥዋል ግእዝና ሌሎችም የእንግሊዝኛ ፊደሎችን ቦታ ተከራይተው ነበር የሚጽፉት። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ቁጥር፣ ዓይናችን የሚያየው የግእዝ ቅርጽ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ድልድል ነበረው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም። ጽሑፉ ከተሰበረ ፋይል ውስጥ ተቆርጦ ከወጣና የፎንቱ ስም ከጠፋማ፣ በየትኛው እንደተጻፈ እየሞከሩ መገመት ነው።

ወለጋ ላይ ይህ አንድ አስገራሚ ነገር ፈጥሯል። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የአፋን ኦሮሞ የሥራና የትምህርት ጽሑፍ በቁቤ ሆነ። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ የ1980ዎቹ መጨረሻ የአፋን ኦሮሞ ፋይል ዛሬ በየትኛውም ስልክ ላይ እንደተጻፈ ይነበባል። በዚያው ቢሮ፣ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ኮምፒውተር ለአዲስ አበባ የተጻፈው የአማርኛ ደብዳቤ ግን እንቆቅልሽ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ነገሩ ሌላ ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖና ከባልደረቦቻቸው ጋር ተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ቅድስት ክሪስቾና ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል ነው። ለኩምሳ የሚላከው የአማርኛ ደብዳቤም በግእዝ ፊደል። ሁለቱም ዛሬ ይነበባሉ። በሁለቱ ፊደሎች ላይ የሚደረገውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው፤ እዚህ የምለው የማሽኑን ጉዳይ ብቻ ነው።

አስቴር ጋኖን ካነሳን አይቀር፣ ከትዝታዋ የጻፈቻቸው ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች አምስት መቶ ገደማ እንደነበሩ ይነገራል። ከፊሉ በ1894 እ.ኤ.አ. በወጣው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ታተመ፤ ሁሉም ግን አልታተመም። የታተመው ብዙ ቅጂ ስላለው ማንም ያገኘዋል። ያልታተመው በአንድ ቅጂ ዕድል ላይ ተንጠለጠለ።

የማነሳው ጥያቄ ለንብረት አስወጋጅ ኮሚቴዎች ነው። ያረጀ የመንግሥት ኮምፒውተር በየግምጃ ቤቱ ተቆልሎ፣ ጊዜው ሲደርስ በጨረታ ይሸጣል። ወንበርና ጎማ እንደሚወገደው ይወገዳል። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለን፤ ነቀምቴ ላይ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የኮምፒውተርና የታሪክ ተማሪዎች በአንድ ግቢ የሚማሩበት። ከጨረታው በፊት ዲስኩን ነቅሎ ሙሉ ቅጂ ማንሳት ለአንድ ተማሪ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ምሥጢር የሆነው በምሥጢር ይያዝ፣ ቅጂው ከተነሳ በኋላ አሮጌው በደንብ ይጽዳ፤ የዜጎች መረጃ ከነዲስኩ ለገዢ መሰጠቱም ራሱን የቻለ ነውር ነውና።

ለመጀመር ደግሞ ዛሬ የተሻለ ጊዜ ነው። ያንን የአማርኛ ደብዳቤ በፓወር ግእዝ የጻፈችው ታይፒስት ጡረታ ወጥታ ይሆናል እንጂ ነቀምቴ ውስጥ አለች። ፎንቱን ስሙን ጠርታ ትነግራችኋለች፤ ስም የለሹ ፎቶ ላይ ከወረዳው አስተዳዳሪ ጎን የቆመው ሰው ማን እንደሆነም ታውቀዋለች።