የባሕሩ ደፍ

በሉ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ደፍ ነው።

ቀይ ባሕርን እንደ ትልቅ ቤት ቁጠሩት። ወለሉ መሐል ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በሩ ባብ ኤል መንደብ ነው። ደፉ ግን ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በ1988 ዓ.ም. ኤርትራና የመን በተታኮሱባቸው በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ ከውሃው ገጽ 137 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተጋድሟል።

በዚህ ቤት ፀሐይና ነፋስ በዓመት 2 ሜትር ያህል ውሃ ይጠጣሉ፤ የሚተካ ወንዝ ግን የለም። ታዲያ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ቀለል ያለው ውሃ በላይ በላዩ ይገባል። በስተሰሜን ጨው ያከበደው ደግሞ ይሰጥምና በሥር በሥሩ፣ ደፉን እየታከከ ይወጣል። የእኛ ክረምት ሲመጣ ነፋሱ ይዞርና የውሃው ንብርብር ሦስት ይሆናል፦ ላዩ ይወጣል፣ መሐሉ ይገባል፣ ሥሩም ቀጠን ብሎ ይወጣል።

ደፉ የሚከለክለውም አለ። ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ 2,000 ሜትር ወርዳችሁ እጃችሁን ብትነክሩ ይደነዝዛል፤ ሙቀቱ 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ በዚያው ጥልቀት ከ21 ዲግሪ በላይ ነው። ያ የጥልቁ ብርድ 137 ሜትር ድረስ መውጣት አቅቶት ደጅ ቀርቷል።

ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በበረዶው ዘመን፣ ባሕር ሁሉ 120 ሜትር ያህል ጎደለ። በደፉ ላይ የሚያልፈው ውሃ ሳሳ፤ የቤቱ ጨው በረታ። በውሃው ላይ ይንሳፈፉ የነበሩ ባለ ዛጎል ደቂቅ ፍጥረታት በአብዛኛው ጠፉ። የዚያ ዘመን ጭቃ ሲቆፈር ዛጎላቸው እምብዛም አይገኝም።

አሁን ይህን ባሕር አስልቶ ወደሚያስመስለው ኮምፒዩተር እንምጣ። የውቅያኖስ ሞዴል ባሕሩን በሳጥን በሳጥን ይሸነሽነዋል። የአንዱ ሳጥን ጎን 100 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ 30 ኪሎ ሜትር የማይሞላው በር የት ይግባ? ማሽኑ የብሱንና ባሕሩን አማካይ ያወጣና በሩን ይደፍነዋል። ቢከፈትም ሌላ ጣጣ አለ፦ ጨዋማው ውሃ ቁልቁለቱን እንደ ደረጃ እየዘለለ ሲወርድ ከጎረቤቱ ጋር ከልክ በላይ ይቀላቀላል፤ ቀጥኖም እውነተኛው ጥልቀት ሳይደርስ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ባለሙያው ካርታውን ይከፍትና ያቺን አንዲት ሳጥን ይፈልጋል። የማሽኑን ቁጥር ሰርዞ የደፉን ጥልቀት በገዛ እጁ ይጽፋል። ያን ጊዜ ጨዋማው ውሃ መውጫውን ያገኛል።