ጋያና አስታ

የአውሮፓ ፒፓ ጠራቢ አብልጦ የሚሻው የአስታን ሥር ነው፤ እሳት በቀላሉ አይደፍረውምና። የፈረንሳይ ከተማ ሴንት ክሎድ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ዝና ያተረፈችው በዚሁ ሥር ነው። እኛ ዘንድ ግን አስታ በስሜን ተራራ ማገዶ ሆኖ ይነድዳል! የጉዛራ ግንብ ጎረቤት እንፍራንዝ ለአስታ ደጋነቷ ባይበቃም፥ ጠራቢዎች በምትኩ የሚይዙት ወይራ በአገሩ አለ።

ታዲያ የእንጨት ፒፓ በጎንደር አገር ስለ ምን ስመ ጥር ሙያ አልሆነም ብትሉ፥ አንደኛ፥ አጫሹ ጋያ ነበረው፤ ይኸውም ውሃ የያዘ ቅል፥ የሸምበቆ መሳቢያና ትንባሆው የሚነድድበት ሸክላ ነው። ሁለተኛው ግን፥ በእኔ አስተያየት ዋናው፥ ፍርሃት ነው። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ያጨሰውን ከንፈሩን፥ ሱረት የሳበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር። ከንፈር ለሚያሳጣ ዕቃ ማን መጥረቢያ ያነሣል? ወይራውም ለምርኩዝ፥ ለምሰሶና ለጋን ማጠኛ ዋለ።